ጆሮ ሲነዘር አንጎል ይሰማል?

ጆሮውን በጥጥ ወይም በብር ኩክ ማውጫ ሲያጸዳ ድንገት ሳል የሚያጣድፈው ሰው አለ። ጉንፋን አልያዘው፣ ትን አላለው፤ የተነካው ጆሮው ነው፣ የሚያሳክከው ግን ጉሮሮው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይደለም። የጆሮ ሐኪሞች በተለያየ ጊዜ ሲቆጥሩ ከመቶው ሁለትም፣ ሦስትም፣ አራትም አግኝተዋል። ነገሩን በሕክምና መጽሐፍ ካሰፈሩት ቀዳሚው ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ፍሬድሪክ አርኖልድ (1803–1890) ነው። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ጉሮሮን፣ ልብን፣ ሳንባንና ጨጓራን እያዳረሰ እስከ አንጀት የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ገና ከራስ ቅል እንደ ወጣ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ይልካል። ቅርንጫፏ ዛሬም በአርኖልድ ስም ትጠራለች። ከመላው ቬገስ ቆዳ ድረስ የሚዘልቀው ይህ ክፍል ብቻ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በድሮዋ ለንደን የከተማዋ ሹማምንት በትልልቅ ግብዣዎች ላይ ከጆሯቸው ኋላ የጽጌረዳ ውሃ ጠብ እያደረጉ የጠገበ ሆዳቸውን መልሰው ያስርቡት ነበር ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ፣ እንግሊዞች ቅርንጫፏን በሹማምንቱም ስም ይጠሯታል።

ላለፉት 20 ዓመታት ገደማ ተመራማሪዎች በዚህችው ቅርንጫፍ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ እየለቀቁ ሁለት ነገር ሲጠይቁ ቆይተዋል። ንዝረቱ አንጎል ድረስ ይደርሳል ወይ? ቢደርስስ ምንም ሕመም ለሌለበት ሰው ምን ይፈይዳል? ለመጀመሪያው ጥያቄ የተገኘው መልስ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ግን መቶ ጥናት ተሠርቶበትም ገና ክርክር ላይ ነው፤ ክርክሩ የሚነሣውም ከነርቩ ይልቅ ከመለኪያው ነው።

ቬገስ በቀጥታ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አሥረኛው ነው። ልብን ረጋ ያሰኛል፣ ጨጓራን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ ሲወጣ የጉሮሮን ጡንቻ ይገራል። ትእዛዝ አውራጅ ብቻ ግን አይደለም፤ በውስጡ ካሉት ክሮች ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። ሆድና ደረት ውስጥ የሆነውን ለአንጎል የሚያስታውቁ ናቸው። አንጎልን በቬገስ በኩል መቀስቀስ ይቻላል የሚለው ሐሳብ የቆመው በእነዚህ ወደ ላይ በሚወጡት ክሮች ላይ ነው።

ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር የታወቀውም በቬገስ አማካይነት ነበር። ኦቶ ሌዊ በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ የእንቁራሪት ልብ ወስዶ ቬገሱን በኤሌክትሪክ ነዘረ፤ ልቡ ቀስ አለ። ልቡ የተነከረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ሌላ ልብ ላይ ሲያፈስስ፣ ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ቀስ አለ። የሙከራው ሐሳብ በሌሊት ሕልም እንደመጣለት፣ በእንቅልፍ ልቡ የጻፈውን ማስታወሻ ጠዋት ማንበብ አቅቶት በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ እንደተደገመለት ራሱ ይተርክ ነበር። ውጤቱን በ1921 አሳተመ፤ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ቬገስን በኤሌክትሪክ ለማከም መሞከር ግን ከሌዊም ይቀድማል። በ1880ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ጄምስ ሊዮናርድ ኮርኒንግ የሚባል ሐኪም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አንገት ሹካ በሚመስል መሣሪያ እየተጫነ ኤሌክትሪክ ይለቅ ነበር። ያሰበው ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ለመቀነስ ነው፤ አልያዘለትም፣ ተረሳ። (በጀርባ አጥንት በኩል የሚሰጠውን ማደንዘዣ ከጀመሩት አንዱም ይኸው ሰው ነው፤ አንዱን ቢስት ሌላውን መታ።) ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ በፊላደልፊያው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ጄከብ ዛባራ ቬገስን በመንዘር የውሾችን መንቀጥቀጥ ማስቆም እንደሚቻል አሳየ። በ1988 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተተከለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1997 ለሚጥል በሽታ፣ በ2005 መድኃኒት ላልበገረው ድባቴ፣ በ2021 ደግሞ ከስትሮክ በኋላ እጃቸው ለሰነፈ ሕሙማን ፈቀደው። ዛሬ በዓለም ከ100,000 በላይ ሰዎች ከአንገት አጥንታቸው በታች ባትሪ፣ በግራ ቬገሳቸው ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ይዘው ይኖራሉ።

ግን ቀዶ ሕክምና ነው። ድምፅ ያጎረንናል፣ ያስላል፣ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ቢላዋ። ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይማ ለምርምር ተብሎ አንገት አይቀደድም። እዚህ ላይ ነው የአርኖልድ ቅርንጫፍ የታወሰችው። በ2000 ኤንሪኬ ቬንቱሬይራ የሚባል የካናዳ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በጆሮ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ያንኑ መሥራት ይቻል ይሆናል የሚል አጭር ሐሳብ አሳተመ። በ2010 የጀርመን ኩባንያ ሰርቦሜድ ለሚጥል በሽታና ለድባቴ የሠራው ኔሞስ የተባለ የጆሮ መሣሪያ የአውሮፓን የገበያ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ያለ ቢላዋ ጤነኛ ሰው ላይ የሚሞከር ነገር በእጅ ገባ፤ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራዎችም ጆሮ ላይ ተረባረቡ።

አንድ የተለመደ የሙከራ ቀን ይህን ይመስላል። ተሳታፊው ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ቡና ሳይጠጣ፣ ሲጋራ ሳያጨስ እንዲመጣ አስቀድሞ ተነግሮታል። ቅባት ካለ ኤሌክትሪኩ በቅጡ አያልፍምና ግራ ጆሮው በአልኮል ይጠረጋል። የሙዚቃ ማዳመጫ የሚመስል፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ያሉት ነገር ከጆሮው ቀዳዳ በላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ፣ የሥነ አካል ሰዎች ሲምባ ኮንካ በሚሏት፣ ይገጠማል። አጥኚው ከ0.1 ሚሊአምፔር ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቀጥሎ ውርር ይላል፤ ቀጥሎ መውጋት ይጀምራል፤ ተሳታፊው «እዚህ ላይ በቃ» ይላል። መጠኑ ከሚሰማው በላይ፣ ከሚያመው በታች እንዲሆን ተደርጎ ይቆማል፤ ለአንዱ ግማሽ ሚሊአምፔር ሲበቃ ሌላው ሁለት ይፈልጋል። ምቱ በሰከንድ 25 ጊዜ ነው፤ 30 ሰከንድ ሠርቶ 30 ሰከንድ ያርፋል። ተሳታፊው ይህን አጥልቆ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ቃል ይሸመድዳል፣ ፊት ይለያል፣ ወይም ዝም ብሎ የልብ ምቱ ይመዘገባል።

ለምን ግራ ጆሮ? የቀኙ ቬገስ የልብን ምት ወደሚያስጀምረው ቦታ ይበልጥ ስለሚሄድ ልብን ያዘገይ ይሆናል የሚል ስጋት ስለነበረ ነው። ቀኙን የሞከሩ ጥናቶች እስካሁን ያን ያህል የሚያስደነግጥ ነገር አላሳዩም፤ ልማዱ ግን ጸንቷል።

ለመሆኑ ንዝረቱ ይደርሳል? ከጆሮ የሚነሣው መልእክት ቢሳካለት መጀመሪያ የሚያርፈው በአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ባለችው፣ የቬገስ ወሬ ሁሉ መቀበያ በሆነችው ሶሊታሪ ኒውክለስ ነው። ከዚያ አልፎ ሎከስ ሴሩልየስ ወደምትባለው ስፋቷ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደሆነ ስፍራ ይሻገራል። ይህች ነጥብ ለአንጎል የኖርአድሬናሊን ምንጭ ናት፤ ሰውን ነቃ የምታደርገው፣ «ይህን ልብ በል» የምትለው እሷ ናት። በ2015 በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ኤሌኒ ፍራንጎስና ባልደረቦቿ 12 ጤነኞችን ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው ለ7 ደቂቃ ሲምባቸውን፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሮ ጫፍ ነዘሩ። ሲምባው ሲነዘር ሁለቱም ስፍራዎች ከጆሮ ጫፉ ይልቅ ደመቁ። በ2017 ኮሪያውያን አጥኚዎች 37 ሰዎችን ወስደው አራት የጆሮ ቦታዎችን ሲያወዳድሩም ጎልታ የወጣችው ሲምባ ነበረች።

ጥሩ ምልክት ነው፤ ምስክርነቱን ግን በልኩ መያዝ ያሻል። የአንጎል ግንድ ጠባብ ነው። ልብ በመታ፣ ሳንባ በተነፈሰ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። የተለመደው ኤምአርአይ እያንዳንዷን ነጥብ የሚያየው በሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ሲሆን የሚፈለጉት ስፍራዎች ራሳቸው ከዚያ ብዙም አይበልጡም። ሲምባ የምታደምቀው ስፍራ እውነትም ሶሊታሪ ኒውክለስ ይሁን ጎረቤቷ በምስል ብቻ መለየት የባለሙያ ጭቅጭቅ ነው።

ጭቅጭቁ ከአንጎል ሳይደርስ ጆሮው ላይም አለ። የጆሮ ቆዳ የቬገስ ብቻ ርስት አይደለም፤ ከአንገት የሚወጣው ታላቁ የጆሮ ነርቭና የፊትን ስሜት የሚያደርሰው የትራይጀሚናል ነርቭ ቅርንጫፍም ይካፈሉታል። የማን ድርሻ የት እንደሆነ ለማወቅ መስኩ ሁሉ የሚደገፈው በአንድ ጥናት ላይ ነው። ጀርመናውያኑ ፔውከርና ፊለር በ2002 ያሳተሙት ሲሆን 7 አስከሬኖች፣ 14 ጆሮዎች ተፈትሸውበታል። ሲምባ ሙሉ በሙሉ የቬገስ ሆና ተገኘች። በጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችው ጉብታ፣ ትራገስ፣ በቬገስ እጅ የተገኘችው ግን ከግማሽ ባነሱት ላይ ነው። ትራገስን እየነዘሩ ጥሩ ውጤት ያገኙ ቤተ ሙከራዎች በዚህ ተጽናኑ። በ2018 አንድሪያስ በርገርና ባርት ፈርካውል «ትራገስ ስንነዝር እውነት ቬገስን ነው የምንነካው?» ብለው ያንን ጥናት መልሰው ሲያነቡት፣ ስለ ትራገስ የሚለው ነገር እርስ በርሱ እንደማይገጥም አሳዩ። የደቡብ ካሮላይናው የባሻር ባድራን ቡድን በበኩሉ 17 ጤነኞች ላይ ትራገስን ነዝሮ ያየውን የኤምአርአይ ምስል ይዞ ተከራከረ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጆሮ ላይ የተሠራ የምርምር ዘርፍ በሰባት አስከሬን ላይ መቆሙ ሊያስገርም ይገባል። አስከሬን መፈተሽ አሰልቺ ሥራ ነው፤ እንደ አዲስ የማስታወስ ሙከራ ዜና አይሆንም።

ነርስ መርፌዋ ደም ሥር መግባቱን የምታውቀው ደሙ ወደ ቱቦው ብቅ ሲል ነው። የጆሮ ተመራማሪ ይህ የለውም። ኤሌክትሮዱ ውርር ማድረጉ ቆዳው መንቃቱን እንጂ ቬገስ መንቃቱን አይናገርም። ስለዚህ ላለፉት ዓመታት ትልቁ ልፋት ያንን ማረጋገጫ ፍለጋ ሆኗል፤ ልብ ተሞከረ፣ ምራቅ ተሞከረ፣ የዓይን ብሌን ተሞከረ።

ልብ መጀመሪያ መመረጡ የሚጠበቅ ነው። ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም፤ ሰው አየር ሲያስገባ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል፤ ይህ መለዋወጥ የቬገስ እጅ ያለበት ነው። በ2014 በእንግሊዝ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ እነ ጂም ዶይቻርስ 48 ጤነኞች ላይ ትራገስን ነዝረው የልብ ምት መለዋወጡ ወደ ቬገስ በኩል እንዳደላ፣ እግር ውስጥ በተሰካ ቀጭን መርፌ የተመዘገበው የውጥረት ነርቭ እንቅስቃሴም እንደቀነሰ ዘገቡ። ውጤቱ ብዙ ተጠቀሰ። ያው ቡድን በ2019 ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በቀን 15 ደቂቃ ቤታቸው ሆነው እንዲጠቀሙበት አድርጎ ስሜታቸውና እንቅልፋቸው በአንዳንድ መለኪያ መሻሻሉን ጻፈ። ጋዜጦች «እርጅናን የሚያዘገይ የጆሮ ንዝረት» እያሉ ተቀባበሉት፤ የሁለት ሳምንቱ ክፍል የውሸት ንዝረት የሚሰጠው ማስመሰያ ቡድን እንዳልነበረው የጻፈ ጋዜጣ ማግኘት ግን ይከብዳል።

በ2021 ቪንሰንት ቮልፍና ባልደረቦቹ ጤነኞች ላይ የተሠሩ 16 ጥናቶችን በአንድ ሚዛን ሰበሰቡ። የጆሮ ንዝረት ከማስመሰያው ይልቅ በቬገስ የሚመራውን የልብ ምት መለዋወጥ ይጨምራል ወይ የሚለው ነበር ጥያቄው። መልሱ አይጨምርም ሆነ። «በቂ ማስረጃ የለም» ብቻም አላሉም፤ የተጠቀሙበት ስሌት ልዩነት አለመኖሩን ራሱን የሚመዝን ስለሆነ፣ ሚዛኑ በግልጽ ወደ ልዩነት የለም ማዘንበሉን ነው የጻፉት። አንዳንዶች እዚህ ላይ ዘርፉ አለቀ አሉ። ችኮላ ነው። ከጆሮ የሚነሣው መልእክት ወደ ላይ ወጪ ነው፤ ልብ ላይ እንዲታይ አንጎል ግንድ ደርሶ መልሶ መውረድ አለበት። የ22 ዓመት ጤነኛ ተማሪ ልብ ደግሞ ድሮም በቬገስ በደንብ የተያዘ ነው፤ የሚጨመርበት ቦታ ጠባብ ነው።

ምራቅና የዓይን ብሌን የተመረጡት ወደ ኖርአድሬናሊን ያመለክታሉ ተብሎ ነው። በ2019 የላይደኑ ክሪስቶፈር ዋረን ቡድን በምራቅ ውስጥ ያለው አልፋ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም በንዝረቱ ከፍ ሲል አየ፤ የዓይን ብሌን ግን አልሰፋም፣ ከአንጎል የሚመዘገበው የትኩረት ሞገድም አልተለወጠም። ሌሎች ሁለት ሦስት ቤተ ሙከራዎችም ብሌን ላይ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ በ2021 ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦምር ሻሮን፣ ፊራስ ፋሁምና ዩቫል ኒር ጨዋታውን ቀየሩት። 30 ሰከንድ ሙሉ መንዘሩን ትተው 24 ወንዶች ላይ 3.4 ሰከንድ ብቻ የሚቆይ አጭር ንዝረት ለቀቁ፤ ከእያንዳንዱ ንዝረት በኋላ ያለውን ቅጽበት ብቻ ለይተው ለኩ። ብሌኑ ሰፋ፤ ዘና ባለ አንጎል ላይ የሚታየው የአልፋ ሞገድም ቀነሰ። ከእነሱ ወዲህ አጭር ንዝረት የሞከሩ ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ስለ ጤነኞች ከተጻፈው ሁሉ ጠንካራው ምልክት ምናልባት ይህ ነው።

የአጭር ንዝረት ሐሳብ ከአይጥ የመጣ ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ማይክል ኪልጋርድና ናቭዘር ኤንጂኒር በ2011 ጆሮ ላይ የሚጮህ ድምፅ ያለባቸውን አይጦች፣ የተመረጡ ድምፆችን እያሰሙ በዚያው ቅጽበት ቬገሳቸውን በመንዘር፣ የአንጎላቸውን የድምፅ ካርታ መልሰው አስተካከሉ። ንዝረቱ ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር፤ ከድምፁ ጋር ሲገጥም ነው የሚሠራው። የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ድርጅት ዳርፓ ይህን አይቶ ወታደሮች ቋንቋና ሙያ ቶሎ እንዲማሩ የሚያግዝ ምርምር በገንዘብ ደገፈ።

ከዚያ ገንዘብ የወጣ አንድ ጥናት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባዋል። በ2020 የፒትስበርግና የካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 36 እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን የማንዳሪን ቻይንኛ ቃናዎችን አስተማሩ። በማንዳሪን አንዱ ቃል ከፍ ብሎ፣ ወጣ ብሎ፣ ወርዶ ወጥቶ ወይም ወርዶ ሲነገር አራት የተለያየ ትርጉም ይሰጣል፤ ለለመደው ቀላል፣ ላልለመደው ራስ ምታት ነው። ድምፁ ሲሰማ ጆሮ ላይ በዚያው ቅጽበት ንዝረት ይለቀቃል፤ ያውም ተሳታፊው ሊሰማው ከሚችለው በታች በሆነ መጠን። ንዝረቱ ከቀላሎቹ ቃናዎች ጋር የተገጠመላቸው ሰዎች በአማካይ 13 በመቶ የተሻለ ለዩ፣ ከፍተኛ ደረጃቸው ላይ የደረሱትም ቀድመው ነው። ከከባዶቹ ቃናዎች ጋር የተገጠመላቸው ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። ንዝረቱ ያልያዘውን አላስጨበጠም፤ ሊያዝ የሚችለውን አፋጠነ እንጂ። መጠኑ የማይሰማ መሆኑም ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

በማስታወስ ላይ ያለው ሥዕል የተዘበራረቀ ነው። በ2015 የማስትሪኽቷ ሃይዲ ጃኮብስ 30 ጤነኛ አዛውንቶች ላይ ፊትና ስም ማያያዝን ፈትና በአንድ ቀን ንዝረት መሻሻል አየች። የቤልጂየሟ ጌንት አጥኚ አን መርተንስና ባልደረቦቿ በ2020 ቃል ማስታወስን ጤነኞች ላይ ሲሞክሩ ምንም አላገኙም፤ ርእሱንም ሳያሽሞነሙኑ «ለውጥ አያመጣም» ብለው ነው ያወጡት። እንዲህ ያለ ርእስ የሚመሰገን ድፍረት ነው፤ ብዙ ባዶ ውጤት መሳቢያ ውስጥ ይቀራልና። ፍርሃትን በመርሳት ላይም ያው ነው። ቬገሳቸው የተነዘረ አይጦች የፈሩትን ድምፅ ቶሎ ይረሳሉ። በርገር በ2016 ሰው ላይ ሲሞክረው ተሳታፊዎቹ «አሁን የሚያስፈራው ነገር ይመጣል» ብለው መጠበቁን ቶሎ ተዉ፤ ሰውነታቸው ግን መበርገጉን አላቆመም፣ በማግሥቱም ልዩነት አልታየም። በኋላ የደገማቸው ሙከራዎች አንዱ ከሌላው አልገጠሙም።

ከማስታወስ ይልቅ የሥራ ፍላጎት ላይ የተገኘው ይስባል። በጀርመን ቱቢንገን የኒልስ ክሮመር ቡድን በ2020 ባሳተመው ጥናት 81 ሰዎች ምግብ ወይም ገንዘብ ለማግኘት የጨዋታ መቆጣጠሪያ ቁልፍ ደጋግመው ይጫናሉ። ንዝረቱ ሲኖር ሲጀምሩ ፈጠን ብለው ተነሡ፤ እስከ ምን ድረስ እንደሚለፉ ግን አልተለወጠም። የአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ ደግሞ 34 ሰዓት እንቅልፍ የተነፈጉ 40 አባላቱ በንዝረት የተሻለ ንቁ እንደሆኑ በ2021 ጽፏል፤ ያ ግን ጆሮ ላይ ሳይሆን አንገት ላይ ነው፤ ሁለቱን እያቀላቀሉ መጥቀስ በገበያው ዘንድ የተለመደ ነው።

አሁን ማስመሰያው። ንዝረት ከባዶ መቀመጥ ይሻላል ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ሰው ጆሮው ላይ ሽቦ ገጥሞ «የሆነ ነገር እየተደረገልኝ ነው» ብሎ ማሰቡ ብቻ ይረጋጋል። ስለዚህ ግማሾቹ የቬገስ ድርሻ የለውም በሚባለው የጆሮ ጫፍ ላይ ይነዘራሉ። ችግሩ ጫፉና ሲምባው እኩል አለመሰማታቸው ነው። አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ይኮረኩራል፤ አንዱ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ይሰማል። ሁለቱንም በተለያየ ቀን የቀመሰ ተሳታፊ የትኛው «እውነተኛው» እንደሆነ መገመት አያቅተውም፤ አጥኚውም ሽቦውን የት እንደገጠመ እያየ ነው። የማይሰማ ንዝረት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ግምቱን ይዘጋል። ጉዳቱ ደግሞ የማይሰማው ኤሌክትሪክ ነርቩን ለማንቃት ይበቃል ወይ የሚል አዲስ ጥያቄ ማምጣቱ ነው።

በዚህ ላይ ሁሉም በየራሱ መጠን ይሠራል። የምቱ ፍጥነት፣ ርዝመት፣ ቦታ፣ ጆሮ፣ የቆይታ ጊዜ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ጭራሽ አይጠቅሰውም። በአዳም ፋርመር የተመራ ዓለም አቀፍ ቡድን ማንኛውም ጥናት ቢያንስ መዘገብ ያለበትን ነገር ዝርዝር በ2021 መጀመሪያ አወጣ። 

ስለ ደኅንነቱ የተጻፈው ግን ሙግት የሌለበት ነው። ኮሪያውያንና አሜሪካውያን አጥኚዎች በ2022 የ177 ጥናቶችን፣ የ6,322 ሰዎችን መረጃ ሲገመግሙ በንዝረቱ የመጣ ብርቱ ጉዳት አላገኙም። የታየው የጆሮ ሕመም፣ ራስ ምታትና የውርርታ ስሜት ነው። ይህ ውጤት ገበያውን አደላደለው። በመቶዎች ዶላር የሚሸጡ የጆሮ መሣሪያዎች ጭንቀት ያበርዳል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ትኩረት ይሰበስባል እየተባለላቸው በኢንተርኔት ይቸበቸባሉ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ቬገስዎን ያድሱ» የሚሉ ቪዲዮዎች አያልቁም። ሻጮቹ የሚጠቅሷቸው ጥናቶች ብዙዎቹ ሕሙማን ላይ ወይም በቀዶ ሕክምና በተተከለ መሣሪያ የተሠሩ ናቸው። የማይጎዳ መሆኑ የሚጠቅም መሆኑን አያሳይም። የልብ ማነቃቂያ መሣሪያ ወይም ጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች፣ የልብ ምታቸው የሚዛባባቸውና ነፍሰ ጡሮች እንዳይጠቀሙ አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።

ጤነኞች ላይ ከተሠራው ምርምር ዓይን የሚስበው ቦስተን ውስጥ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል እነ ቪታሊ ናፓዶውና ሮቤርታ ስክሎኮ የሠሩት ነው። ሶሊታሪ ኒውክለስ የሚመጣላትን ወሬ የምትቀበለው ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ አየር ሲወጣ ይበልጥ ክፍት ናት። ስለዚህ መሣሪያቸው ደረት ላይ በታሰረ ቀበቶ እስትንፋስን እየተከታተለ የሚነዝረው ሰው አየር ሲያስወጣ ብቻ ነው። ከተለመደው እጥፍ በላይ ጉልበት ባለው 7 ቴስላ ኤምአርአይ ሲታይ፣ ሲያስወጡ የተነዘሩት አንጎል ግንድ ሲያስገቡ ከተነዘሩት ይልቅ ደመቀ። በ2020 ደግሞ በሰከንድ 2፣ 10፣ 25 እና 100 ምት ሲያወዳድሩ ብርቱውን ምላሽ ያመጣው 100 ነበር። አብዛኛው ጥናት የሚከተለው ልማድ ግን አሁንም 25 ነው፤ ቤት ውስጥ እንዲጠቀሙባቸው የሚሸጡት መሣሪያዎችም አብዛኞቹ ባለቤታቸው አየር ያስገባ ይሁን ያስወጣ አይለዩም።